አረፋ የሚመስለው ቤት ለምን ቅርስ ሆነ?

ሰላም ወዳጄ። ደቡብ ፈረንሳይ ያለው፣ «ፓሌ ቡል» የሚባለው አረፋ መሳይ ቤት ሳያረጅ እንዴት ቅርስ ተባለ ላልከው፣ ዕድሜ ብቻውን መስፈርት አይደለም። አዲስ የአሠራር ሙከራም ጥበቃ ይገባዋል።

ቤቱ ካን ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ በላይ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። አርክቴክቱ አንቲ ሎቫግ ነው። ግንባታው ከ1975 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ፈጀ፤ በኋላ ፋሽን ዲዛይነሩ ፒየር ካርዳን ገዛው።

ሎቫግ ቀጥ ያለ መስመር አይወድም ነበር። ብረት አጥፎ የክብ አጽም ይሠራል፣ በላዩ ኮንክሪት ያለብሰዋል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ክብ ነው። በጣም ደስ የሚለኝ ግን ቅርጹን እዚያው ቦታው ላይ እየሞከረ፣ ከመሬቱ ጋር እያስማማ ማውጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከፈረሰ ንድፉን አይቶ መልሶ መሥራት በጣም ይከብዳል። ጥበቃው ስላለ ባለቤቱም ቢሆን ያለ ፈቃድ እንደፈለገ አይቀይረውም።