ወረዳችን ጎርፉን ምን ሊያደርገው ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዲስ አበባ ቀበና ወንዝ ዳር የጭቃ ቤት ተከራይቼ ከልጆቼ ጋር ነው የምኖረው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። በቅርቡ ስብሰባ ተጠርተን አንድ ኃላፊ የአየር ንብረት ለውጥ ያደጉት አገሮች ያመጡት ነው ከኛ አቅም በላይ ነው፣ እናንተ ችግኝ ትከሉ ብለውን ተበተንን። እውነት ወረዳ ምንም ማድረግ አይችልም? እኔስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህታችን፣ ኃላፊው የመጀመሪያውን ነገር ልክ ነው ያሉት። አየሩን ከሚያሞቀው የዓለም የጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ አየሩ ደግሞ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል፣ ለዛም ነው ሲዘንብ በአንዴ ዶፍ የሚሆነው። ይሄን ወረዳሽ አላመጣውም፣ አያቆመውምም። ግን ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ሰው ቤት እስኪገባ ድረስ ያለው ጉዳይ የነሱ ነው፣ ቤት የት ይሰራ፣ ዲቹ መቼ ይጠረግ፣ ሌሊት ሰውን ማን ይቀስቅስ የሚለውን የአካባቢ አስተዳደር ካልሰራው ሌላ የሚሰራው የለም።

ድሬዳዋን ተመልከቺ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነገድበታል፣ ዳር ዳሩን ቤት ተሰርቶበት ነበር። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን ላይ ሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣና ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደጋው ተራቁቶ ነበር፣ ተዳፋቱ ታርሷል፣ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቋል፣ ስለዚህ ውሃውን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ከዛ በኋላ ወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሰራ፣ ላይ ተራራው ላይ እርከንና ክትር ተሰራ። ጎርፍ ቀረ ማለት አይደለም፣ ሚያዝያ 2012 ላይም መጥቶ ሰው ሞቷል፣ ከ98ቱ ጋር ግን አይወዳደርም። የድሬዳዋ ከባዱ ነገር ውሃው የሚመጣው ከምስራቅ ሐረርጌ ነው፣ ያ ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ነው፣ ከተማው ብቻውን የፈለገውን ያህል ግንብ ቢሰራ ከላይ ካለው ወረዳ ጋር ካልተስማማ አይሆንም።

ያንቺም ወንዝ እንደዛው ነው። ቀበና ከእንጦጦ ነው የሚወርደው፣ በመሀል ያለው መሬት አስፋልትና ሲሚንቶ ስለሆነ ውሃው ሳይሰርግ በደቂቃዎች ታች ይደርሳል፣ ስለዚህ ወረዳሽ ላይኞቹን ወረዳዎች ሳያናግር የሚሰራው ስራ ግማሽ ስራ ነው። ነሐሴ 2013 ላይ ጎርፍ አዲስ አበባ ውስጥ የ7 ሰው ሕይወት እንደወሰደ ታስታውሻለሽ።

ችግኙ ጥሩ ነው፣ ይተከል፣ ግን ዛሬ የተተከለ ችግኝ የዘንድሮን ክረምት አይመክትም፣ በጋ ላይም ውሃ የሚያጠጣው ከሌለ ይደርቃል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ዲቹና ቱቦው የሚጠረገው መቼ ነው? ሐምሌ ላይ ከሆነ ረፍዷል፣ ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት፣ የወጣው ደለልና ፌስታል ደግሞ እዛው ዳሩ ላይ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ወንዙ ውስጥ የግንባታ አፈርና ድንጋይ የሚደፋውን ማን ይቆጣጠራል? ላይ ዝናብ ሲከብድ ወደ ታች የሚደውል ሰው ተመድቧል ወይ፣ ሌሊትስ በምን ትቀሰቀሳላችሁ? እኔ በዚህ በኩል የቤተክርስቲያንና የመስጊድ ሞንታርቦ ከማንኛውም አፕ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ስልክ ይዘጋል፣ ሞንታርቦ ግን ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ስትወጡስ የት ታድራላችሁ፣ የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው? እነዚህ ብዙ በጀት አይፈልጉም፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው የሚፈልጉት።

ተነሱ ከተባለ ደግሞ ወዴት የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙ። ከስራና ከልጆች ትምህርት ቤት በጣም ርቆ የሰፈረ ሰው የቀን ገቢው ሲቋረጥ ተመልሶ ወንዝ ዳር መከራየቱ አይቀርም፣ እኔ በሱ አልፈርድም። አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ስለዚህ ለስጋት ቦታ ዝርዝር ሲሰራ የቤት ባለቤት ብቻ እንዳይመዘገብ የራስሽን ስም፣ ስልክና የልጆችሽን ቁጥር አስጽፊ፣ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱን ማህተም አስመትተሽ ያዢው።