«ምንም ሳያመኝ ለምን ልመርመር?» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 41 ዓመትሽ እንደሆነ፣ አባትሽ በስኳር፣ እናትሽ ደግሞ በደም ግፊት እንደሚታከሙ ጽፈሻል። አንቺ ግን ምንም ስለማያምሽ የመመርመር ትርፉ ጭንቀት ብቻ እንዳይሆን ፈርተሻል። ለምርመራው ሳትበዪ መሄድ እንዳለብሽም ጠይቀሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። 9 ዓመት ከደም ግፊት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማካፍልሽም በራሴ ላይ ያየሁትን ነው።

የእኔም የተገኘው ምንም ሳያመኝ ነው። ታላቅ ወንድሜን ሐኪም ቤት አድርሼ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ነርሷ የእሱን ለክታ ስትጨርስ «እርስዎስ ተለክተው ያውቃሉ?» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ። ቁጥሩን አየችና ምንም ሳትናገር ማሰሪያውን ፈትታ በሌላኛው ክንዴ ላይ ጠቀለለችው። የደነገጥኩት ከቁጥሩ በፊት በዝምታዋ ነው። 162 በ98። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሜን ደግፌ ደረጃ ወጥቻለሁ፤ ራሴን አላመመኝም፣ ዓይኔም አልደበዘዘም። ወንድሜም ግፊት እንዳለበት ያወቀው ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ነበር። ስለዚህ እባክሽ «አላመመኝም» የሚለውን እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው። ግፊትም፣ ስኳርም፣ የኩላሊት ሕመምም ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ።

ያን ቀን መድኃኒት አልተሰጠኝም። ሐኪሙ ቤት ውስጥ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ እየለካሁ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥሎ የቀሩትን አማካይ ወሰደ። ሐኪም ቤት ሲገቡ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉና እነሱን ከታማሚው ለመለየት ነው። ሐኪም ቤት ሲለካ 140 በ90፣ ቤት ሲለካ ደግሞ አማካዩ 135 በ85 ከደረሰ ከፍተኛ ግፊት ይባላል። አለካኩ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። 5 ደቂቃ ጸጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ጀርባሽ ይደገፍ፣ እግርሽ አይጠላለፍ፣ ክንድሽ በልብሽ ትይዩ ይረፍ፣ እየተለካሽም አታውሪ። ለክንድሽ የሚጠብ ማሰሪያ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ያለ አግባብ የደነገጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ግን ስለ ኩላሊት ምርመራዬ ነው። በየዓመቱ ክሬቲኒን እለካ ነበር፤ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፣ ደም ውስጥ ሲጨምር ኩላሊት መድከሙን ያሳያል። በተለያዩ ዓመታት 0.8፣ ከዚያ 0.9፣ ከዚያ 1.1 መጣ። ሦስቱም ወረቀት ላይ «መደበኛ» የሚል ተጽፏል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠችው ሌላ ሐኪም ናት። እስክሪብቶዋን ከቁጥር ወደ ቁጥር እያሳለፈች «እያንዳንዱ ደህና ነው፤ አካሄዱ ግን አላማረኝም» አለችኝ። ክሬቲኒን ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን ሊያጣ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ማንም አዝዞልኝ የማያውቀውን የሽንት አልቡሚን ምርመራ አዘዘችልኝ፤ አልቡሚን ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያልፍ ፕሮቲን ነው። ከ30 በታች መሆን ሲገባው 84 መጣ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ የአካል እንቅስቃሴም ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል በአንድ ውጤት አልፈረደችም፤ በተከታዮቹ ወራት ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ግፊቱን ከማውረድ በላይ ኩላሊትን የሚጠብቅ መድኃኒት ቀየረችልኝ። ዘንድሮ አልቡሚኑ 26 ነው። ከወንድሜ የለየኝ ይህ ብቻ ነው፤ በጊዜ መታየቱ።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ያን ሰሞን ታመሽ እንደነበር ጻፊ። ወረቀቶቹን አትጣያቸው።

ላንቺ ከወላጆችሽ ሁኔታ አንጻር ሐኪምሽን የምትጠይቂው ብዙ አይደለም፦ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ክሬቲኒን ከሽንት አልቡሚን ጋር። ለሴት ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አይዘለልም። የሁለትና የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ካለብሽ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳስት ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

«ሙሉ ምርመራ» ተብሎ 30 እና 40 ዓይነት የሚታዘዝበትን ግን አልመክርሽም። የላቦራቶሪ መደበኛ ወሰን በአብዛኛው 95 በመቶ ጤነኞችን ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ከ20 ጤነኛ አንዱ ከወሰኑ ውጭ ይወድቃል ማለት ነው። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ አንዱ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ባለቤቴ እንዲህ ባለ ጥቅል ውስጥ የካንሰር ጠቋሚ ምርመራ ተደርጎላት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። 6 ሳምንት እንቅልፍ አጣን። መጨረሻ ላይ ምንም አልነበረም። ጠቋሚው ጤነኛን ሰው ለመመርመር ታስቦ ያልተሠራ መሆኑን የነገረን አልነበረም።

ስለ ፍርሃትሽ። ከምግብ በፊት የተለካ ስኳርሽ ከ100 እስከ 125 ቢሆን ገና የስኳር በሽታ አይደለም፤ ያለሽበት ግን አሁንም የምትመለሺበት መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተረዱት ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። ይህን ዕድል የምታገኚው ቁጥሩን ስታውቂ ነው። አባትሽ በ41 ዓመታቸው ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖር ምን ያህል በጠቀማቸው ብለሽ አስቢ።

ሳትበዪ መሄዱን በተመለከተ፦ ከምግብ በፊት ለሚለካው ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት አትብዪ፤ ውኃ መጠጣት ትችያለሽ። ለሁለትና ሦስት ወሩ አማካይ ጾም አያስፈልግም። ኮሌስትሮሉም ብዙ ጊዜ በልተሽ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ሁሉንም በአንድ ጠዋት ለመጨረስ ከፈለግሽ ሳትበዪ ሂጂ። ሽንቱን ጠዋት ስትነሺ የመጀመሪያውን ያዢ።