ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ስለ መስገድ፦ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ጎን ለጎንም ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) ቀርቻለሁ። ስለ ታማሚና ሶላት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ የተወሰኑትን እነሆ።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቶላታል፣ ልብሷንም ደም ነክቶታል። "እንዲህ ሆኜ አልሰግድም" ብላ ካቆመች 5 ቀኗ ነው። ታለቅሳለች።

እህቴ፣ አላህ ዓፊያ ያድርጋቸው። ይህን ለቅሶ ብዙ አልጋ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከቁስሉ በላይ የሚያማቸው እሱ ነው። ኢምራን ኢብን ሑሰይን የሚባሉ ሰሐባ (የነቢዩ ባልደረባ) ኪንታሮት ነበረባቸው። ስለ ሶላት ረሱልን፣ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ)፣ ሲጠይቁ፣ "ቆመህ ስገድ፤ ካልቻልክ ተቀምጠህ፤ ካልቻልክ በጎንህ ሆነህ" ተባሉ። ሐዲሱ ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) መጽሐፍ ውስጥ አለ። ይህን ጆሯቸው ሥር ሆነሽ ንገሪያቸው።

የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አስደርጊያቸው። ከዚያ በካቴተሩ የሚወርደው ሶላቱን አያበላሽም። ልብሱን መቀየር ከተቻለ ቀይሪላቸው፤ ካልተቻለም ወቅቱ አይለፋቸው። ውሃ የሚጎዳቸው ከሆነ ተየሙም፣ በውሃ ፈንታ በአፈር መንጻት፣ አለ። ደረቅ ንጹህ አፈር በትንሽ ዕቃ ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ በጅማ ክረምት ግቢ ውስጥ የምታገኚው ጭቃ ነው። አፈሩን ከቁስልና ከግሉኮስ መርፌው አርቂው። ሩኩዕና ሱጁዱን (ማጎንበሱንና በግንባር መደፋቱን) በጭንቅላታቸው ምልክት ያድርጉ፣ ለሱጁድ ትንሽ ዝቅ ይበሉ።

ቂብላው (ሲሰገድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ) በየት በኩል ነው?

ከጅማ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። በኦክስጅን ላይ ያለ ሰው አልጋው ካልዞረ ግን ባለበት ይስገድ። ለቂብላ ብላችሁ ቱቦ እንዳትነቅሉ፣ አደራ!

ሶላት በእርግጥ ለአካልም ይጠቅማል? ወይስ ማጽናኛ ብቻ ነው?

ወንድሜ፣ ሶላት አንቲባዮቲክን ይተካል አልልህም። ረሱልም ታከሙ ብለዋል። ያየሁትን ልንገርህ። ሰው ረጋ ብሎ ሲቀራ ትንፋሹ ይረዝማል፤ ትንፋሽ ሲረዝም ደግሞ የልብ ምት ይረጋጋል። ከኦፕሬሽን በኋላ ዝም ብሎ መተኛት ደም እንዲረጋና ሳንባ እንዲታመም ያደርጋል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ለሶላት ቀና ማለቱም እንቅስቃሴ ነው። ዓይኑን ወይም ጀርባውን የተሠራ ሰው ግን ሳይጠይቅ እንዳይጎነበስ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቀኑና ሌሊቱ ይደባለቃል። መብራቱ አይጠፋ፣ መርፌው በፈለገው ሰዓት ይመጣል። ታማሚው በራሱ ላይ ሥልጣን የለውም። ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር እያለ የሶላት ወቅቶችን ሲቆጥር ግን ቀኑ መልክ ይይዛል። እሱ ራሱ የሚሠራው ሥራ አለው። ፊቱ ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለአባቴ ዘምዘም (የመካውን የተባረከ ውሃ) አምጥተንለታል። ነገ ጠዋት ኦፕሬሽን ይገባል። ሲነጋ ትንሽ ቢጠጣስ?

"ምንም አትቅመስ" ከተባለበት ሰዓት በኋላ ጠብታም ቢሆን ሳታስፈቅዱ አትስጡት። ማደንዘዣ ሲወስድ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ዘምዘሙ ይቆየዋል፤ ሲፈቀድለት በቢስሚላህ ይጠጣል።

አጠገቤ ያሉት እናት ኦርቶዶክስ ናቸው። ቁርኣን በስልክ ባሰማ ይከፋቸዋል?

ጠይቂያቸው፣ ወይም በማዳመጫ አድርጊው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምንም ድምፅ ይከብደዋል። አንድ ክፍል ውስጥ አንዷ አስታማሚ ውዳሴ ማርያም ስትደግም፣ ሌላዋ ዝቅ ባለ ድምፅ የቁርኣኑን ምዕራፍ ያሲንን ስትቀራ አይቻለሁ። ሾርባውንም ይካፈሉ ነበር።

ወንድሜ ራሱን ስቷል። ሶላቱስ? እኔስ ምን ላድርግለት?

አእምሮው እስኪመለስ ሶላት ግዴታ የለበትም፤ በዚህ አትጨነቅ። አንተ እጅህን ታጥበህ ግባ። በስሙ ጥራው፣ ሊሰማህ ይችላል። ቀኝ እጅህን ቀስ ብለህ ግንባሩ ላይ አድርግና፣ "የሰዎች ጌታ ሆይ፣ ጭንቁን አስወግድለት፤ አሽረው፣ አሻሪው አንተ ነህ" በል። ረሱል ለታማሚ ያደርጉት የነበረ ዱዓ ነው። ዐረብኛው ካልመጣልህ በአማርኛም በኦሮምኛም አድርገው።