ጋሼን በሥራ ላላወቃችኋቸው ወጣት ጠበቆች

ልጆቼ፣ በቅርቡ የቀበርናቸውን ጠበቃ ብዙዎቻችሁ በመልክ እንጂ በሥራ አታውቋቸውም። ለቅሶው ላይ ግን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ዓቃቤ ሕጉም፣ እሳቸው የረቷቸው ባላጋራዎችም፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎችም አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ባህር ዳር ውስጥ ለጠበቃ እንዲህ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነ ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም የምንላቸው ጋሼ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ አንደበተ ርቱዕ አልነበሩም። እኛ የበላ ልበልሃ አገር ልጆች ነን፤ ጠበቃ ሲባል በምሳሌና በግጥም ችሎት የሚያናውጥ ሰው ይመስለናል። የእሳቸው ድምፅ ቀስ ያለ ነበር፣ ዳኛው "እባክዎ ከፍ አድርገው" የሚሏቸው ጊዜ ብዙ ነው። ግን ነገሩ ተፈጸመ የተባለበትን ቦታ በእግራቸው ሳይረግጡ ክርክር አይገቡም።

አንዱን ልንገራችሁ። የዓሣ መረብ ሰርቋል ተብሎ የተከሰሰ አንድ የሐይቅ ዳር ልጅ ነበር። ምስክሩ ዓቃቤ ሕጉ ባቀረበለት ዋና ጥያቄ "ሊነጋጋ ሲል መረቡን ይዞ ከሐይቁ ሲወጣ አየሁት፣ ታንኳውን ዳር ትቶ ሄደ" አለ። እርግጠኛ ሆኖ ነው የመሰከረው። ጋሼ ተነሡ።

"ታንኳው የደንገል ነው የጣውላ?"
"የደንገል።"
"ልጁ እንደሄደ ጠጋ ብለህ አየኸው?"
"አዎ፣ በእጄም ነካሁት።"
"እርጥብ ነበር ደረቅ?"
"ደረቅ።"
"ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ደንገል ሸምበቆ መሰል የሐይቅ ዳር ተክል ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ የወጣ ታንኳ ከብዶ ነው የሚወጣው፣ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው አይደርቅም። ጋሼ ይህን ከየትም መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከቀጠሮው በፊት ሐይቅ ዳር ወርደው ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ሲያወሩ ውለው ነው። ልጁ መከላከል ሳያስፈልገው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 በነፃ ተሰናበተ።

ልብ በሉ፣ "ታዲያ እንዴት ደረቀ?" ብለው አልጠየቁም። ቢጠይቁ ኖሮ ምስክሩ "ጨለማ ነበር፣ ተሳስቼ ይሆናል" ብሎ ይወጣላቸው ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተቃራኒው ወገን ጥያቄ፣ በዋናው ምስክርነት ውስጥ ስሕተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳይ ይፈልጋል፤ ምስክሩን አዋርዱ የሚል የለበትም። አሁን አሁን አንዳንዶቻችሁ ምስክር ላይ ስትጮኹ አያለሁ። ደንበኛው "ጠበቃዬ አንበሳ ነው" ይላል፣ ዳኛው ግን ሰዓቱን ያያል። ጋሼ ያን ምስክር ብይኑ ከተነበበ በኋላ በር ላይ አግኝተው ሻይ ጋበዙት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ለድሃ በነፃ ይቆማሉ፣ ባለሀብቱን ደህና አድርገው ያስከፍላሉ፤ ነውር የለውም።

ሌላው ማዳመጥ ነው። ለአንድ ክንድ ድንበር ብሎ ዓመታት የሚመላለስ ገበሬ ሲመጣ ትስቃላችሁ፤ "መሬቱ የጥብቅናውን ዋጋ አያወጣም" ትላላችሁ። ሰውየው ግን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" እየተባለ ያደገ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሰሙት ነበር፤ አንዳንዱም ከተሰማ በኋላ ራሱ ወደ ሽማግሌ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሥራው። ቢሯቸው ውስጥ ቀጠሮ ያላቸው መዝገቦች አሉ። ውክልና በተወካዩ ሞት ስለሚቀር ደንበኞቹ አዲስ ውክልና መስጠት ይኖርባቸዋል፣ እስከዚያው ደግሞ ተለዋጭ ቀጠሮ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መዝገቦቹን ከባልደረቦቼ ጋር እየተከፋፈልን ነው፤ መያዝ የምትፈልጉ ኑ። አንዲት እናት ከደቅ ደሴት ነው የሚመጡት። ጀልባ እንዳሻቸው አያገኙምና "ነገ ይመለሱ" አትበሏቸው።