የሆርሞን ምትክ ሕክምናና የብረት እጥረት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። የወር አበባዬ እጅግ በዝቶብኛል፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ጸጉሬም ይረግፋል። ሁሉም «የዕድሜ ነው» ይሉኛል። የሆርሞን ምትክ ሕክምና (ማረጥ ሲቃረብ የሚቀንሱትን ሆርሞኖች በመድኃኒት መተካት) ልጀምር?

መልስ፦ አስቀድመው ደምዎን ይመርመሩ። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና የጸጉር መርገፍ ማረጥ ሲቃረብም ብረት ሲያንስም ስለሚታዩ፣ «የዕድሜ ነው» ብሎ መተው ብዙ ሴቶችን ያለ አግባብ ለሥቃይ ዳርጓል። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል፤ ይሁንና የተጠራቀመው ብረት ከዚያ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል የተጠራቀመውን ብረት መጠን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራም እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ፌሪቲን ከ15 ማይክሮግራም በሊትር ካነሰ የብረት እጥረት አለ ማለት ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታች ሲሆንም ያክማሉ። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ወይም የረጋ ደም ያለበት የወር አበባ ካለዎት ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ምንጩ ሳይታከም ብረት ብቻ መዋጥ አያዛልቅምና። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን የሚለቀው፣ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ደሙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ኋላ ኤስትሮጅን (የምትክ ሕክምናው ዋና ሆርሞን) ቢታዘዝልዎም የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ከመጠን በላይ ከመወፈር ሊጠብቅልዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን በየቀኑ መውሰድ ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ቆሞ የነበረው ደም ተመልሶ መጣ። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። የማህፀንን ሽፋን የሚጠብቀው ፕሮጀስትሮን በወር ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ሲወሰድ ወርሃዊ ደም የሚጠበቅ ነው፤ ሁለቱም በየቀኑ ሲወሰዱም በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል። ከቆመ በኋላ የተመለሰ ደም ግን የማህፀን አልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሽፋኑን ናሙና መመርመር ይጠይቃል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀላል ቢሆንም ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ጥያቄ፦ የብረት ክኒን ከሆርሞኑ ጋር ይጋጫል? ሆዴንም ያመኛል።

መልስ፦ አይጋጭም። ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ግን ያርቁት። ሆድዎን ካስቸገረዎት ቀን እየዘለሉ ስለ መውሰድ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ሰውነት በዚህ መንገድ ከእያንዳንዱ ክኒን የተሻለ ብረት ይቀበላል።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው፤ ካረጥኩ ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደም አይቼም አላውቅም። ሆኖም ብረትሽ አንሷል ተባልኩ።

መልስ፦ የወር አበባ ከሌለ ብረት የሚያልቅበት ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም በዓይን ላይታይ ስለሚችል፣ አስፕሪን ወይም የሕመም ማስታገሻ አዘውትረው ይወስዱ እንደሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ክኒን ብቻ ታዝዞልዎ ከተመለሱም የጨጓራና የአንጀት ምርመራ እንዲደረግልዎ በግልጽ ይጠይቁ።