ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ሠራተኛው ግን አልሰማም

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ጠበቃ አይደለሁም። በዚህ አምድ የምመልሰው ሕጉ በግልጽ የሚለውንና በሥራ ያየሁትን ነው። በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካችን ሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አዲስ ነገር ሲኖር ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ቴሌግራም ላይም እንለቃለን። ማንም አያነብም። ሰሞኑን አንዲት አባላችን የዘጠኝ ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አስከፍሉኝ ብላ መጣች። ከፊሉ ጊዜ አልፎበታል ስንላት «ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» ብላ ተቆጣች። ምን እናድርግ? (ከጠባሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። በዚያ ብርድ፣ ከሰርቪስ ወርዶ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ሰሌዳ ፊት ሁለት ገጽ የሚያነብ ማን ነው? የማኅበር ማስታወቂያ ደግሞ አጻጻፉን ታውቀዋለህ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምርና ቁም ነገሩ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ይደበቃል። ቴሌግራሙም ያው ነው። በልደት ኬክና በ«እንኳን አደረሳችሁ» መሃል የተወረወረ ፒዲኤፍ ማን ይከፍታል?

እስቲ ዕድራችሁን አስብ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየደጁ ይዞራል። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናግሮ ያልፋል፤ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አያነብም። እናንተም በየፈረቃው እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል።

የአውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበራት በዚህ በኩል ምርጫም የላቸውም። አንዱ አባል ሰማይ ላይ ነው፣ ሌላው ሰው አገር ሆቴል ውስጥ ተኝቷል፣ ሦስተኛው ዕረፍት ላይ ነው። ሁሉንም አንድ አዳራሽ መሰብሰብ የማይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር አባላቱ ተመድበው በሚሠሩበት ጣቢያ ሁሉ የራሳቸውን ተወካዮች እንዲመርጡ ያደርጋል። የእናንተም ፋብሪካ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። የሌሊቱ ሲወጣ የጠዋቱ ይገባል፤ በር ላይ ሰላም ተባብለው ይለያያሉ። ስለዚህ ለሌሊቱ ፈረቃ ከሌሊቱ ፈረቃ ሰው ምረጡለት። ቀን ቀን ብቻ ቢሮ የሚከፍት ጸሐፊ ለእነሱ የለም ማለት ነው።

ተወካዩ ከሁሉ በፊት የሚነግራቸው የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም መብት ሳይጠየቅ ከቆየ የሚቀርበትን የጊዜ ገደብ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይቀራሉ። ከሥራ ተባርሮ ልመለስ ለሚል ሰው ደግሞ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ለአለቃ በቃል መናገር ይርጋውን አያቆመውም። አለቃው «እናየዋለን» ቢልም እንደዚያው። የሚያቆመው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ክርክር አካል ማቅረብ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «እናየዋለን» ስንቱን ሰው እንዳስቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለልጅቷ ግን ዘጠኙም ወር አልጠፋም። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ገና በእጇ ናቸው። በዘገየች ቁጥር ከኋላ አንድ አንድ ወር እየተቆረጠባት ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ። የዳኝነት ክፍያ ብላ እንዳትፈራም ንገሯት፤ በሥራ ክርክር ሠራተኛም ሆነ ማኅበር አይከፍልም።

ሁለተኛው ነገር የትርፍ ሰዓት ሒሳቡ ነው። «የሰዓቱ ክፍያ በ1.75 ይባዛል» ብለህ ብትጽፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በብር ጻፈው። ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ከሠራ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰዓት 30 ብር መጣ ማለት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ በሰዓት 45 ብር ያገኛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ይህን በግማሽ ገጽ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን በየእጃቸው ስጧቸው። ያን ቀን ሁሉም ወረቀት ያነባል!

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ግለጹ፤ አለዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ይመጣል። ፈረቃው የሌሊት መሆኑ ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያሰኘውም። ትርፍ የሚባለው ከመደበኛው ሰዓት በላይ የተሠራው ነው። ለሌሊት ፈረቃ አበል ካለ የምታገኙት ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በተፈራረመው ኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ አምስት ዓመት ሞላኝ። ቤተሰቦቼ መሐል ሜዳ ናቸው። ለገብስ አጨዳ ልሄድ ፈቃድ ስጠይቅ «ሥራ በዝቷል፣ በገንዘብ እንስጥሽ» ይሉኛል። ብሩን ብቀበል ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራ ስትለቂ ያልተጠቀምሽበት ፈቃድ ካለ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለሽ፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመት ከሞላሽ 18 ቀን ነው። ሥራው ግድ ካለ አሠሪው ፈቃዱን ሊያራዝም ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይችልም።

ጊዜውን በተመለከተ ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ የሠራተኛውን ፍላጎት ግን በተቻለ መጠን ማየት አለበት። ስለዚህ አጨዳው እስኪደርስ አትጠብቂ። ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት የምትፈልጊውን ወር በጽሑፍ አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ተቀበልን ብለው ይፈርሙልሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለአብራሪነት ሥልጠና ተመርጧል። ነገ ሲቀጠር ማኅበር ግባ ይሉት ይሆናል። እኛ ሸዋ ሮቢት ማኅበር ስንባል የምናውቀው የጽዋውን ነው። ደመወዙ ትልቅ የሆነ ሰው የሠራተኛ ማኅበር ምን ያደርግለታል? በዚያ ሰበብስ አይባረርም?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የሠራተኛ ማኅበር አባል በመሆኑ ብቻ ሠራተኛን ማሰናበት ሕገወጥ ነው። መግባትም አለመግባትም የራሱ ምርጫ ነው።

ጥቅሙን ልንገርዎት። የአብራሪ እንጀራ በጤናው ላይ ነው። ሌላ ሰው ጤናው ትንሽ ቢታወክ እየታከመ ሥራውን ይቀጥላል። አብራሪ ግን የሕክምና ምርመራውን ካላለፈ ፈቃዱን ያጣል፤ ያኔ ደመወዙም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው በብዙ አገር የአብራሪዎች ማኅበራት የበረራ ፈቃድ ለሚያጣ አባል መድን እንዲገባለት የሚደራደሩት። ሌላው ድካም ነው። ለበረራ ሰዓት ጣሪያ፣ ለዕረፍትም ዝቅተኛ መጠን አለ፤ አብራሪው ካላወቀው ሲታለፍበትም አያውቅም። ዕድሜም አለ። በሁለት አብራሪ በሚካሄድ ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ 65 ዓመት የሞላው ሰው አያበርም። ይህን ሁሉ ልጁ ተጨንቆ ከሚያጠናው፣ ከሱ ቀድሞ ያለፈበት ሰው በጊዜው ቢነግረው ይሻላል።

አድማ ውስጥ ይገባብኛል ብለው ከሆነ ስጋትዎ፣ የአየር ትራንስፖርት በእኛ ሕግ አድማ ከተከለከለባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ክርክር ሲኖር በድርድር ያልቃል፤ ካልሆነም ለጊዜያዊ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል።

ከማኅበሩ በፊት ግን የሥልጠናው ውል አለ። የሥልጠና ውል የሥራ ውል አይደለም፤ እስካሁን ያወራነው የሠራተኛ መብት ሁሉ እዚያ ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለ ውል ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ዓመት ሳላገለግል ብለቅ ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል ግዴታ አለበት። ሳይፈርም ቅጂውን ይዞልዎት ይምጣና ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እርስዎንም ዋስ ይሁኑ ሊሉዎት ይችላሉ። የዋስትናው መጠን በቁጥር ካልተጻፈ አይፈርሙ።