ከፌስታል የተሰራ ንጣፍ ስንት ክረምት ይችላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ግቢዬን ላስነጥፍ ብዬ ኮብልስቶን ስጠይቅ ዋጋው ሰማይ ነካብኝ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ከፌስታልና ከጀሪካን ቀልጦ የሚሰራ ንጣፍ አለ ረከስ ይላል አለኝ። ባለቤቴ "ሁለት ክረምት አይሻገርም" ብሎ አሾፈብኝ። እውነት አይቆይም? ከቆየ ሰርቪሱንም ማድቤቱንም በዚሁ ጡብ ላሰራው አስቤ ነበር።

መልስ፦ እህቴ ደህና ነን ተመስገን። ባልሽ ክረምቱን ከሆነ የፈራው ያለቦታው ነው የፈራው፣ ፕላስቲክ ከውሃ ጋር ጠብ የለውም፣ የማርቆስ ሐምሌ ሌትና ቀን ቢያወርድበት እንደ ደካማ ብሎኬት ውሃ ጠጥቶ አይፈረፈርም። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ማርቆስ እኮ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ደጅ ተጥሎ የከረመ ጀሪካን አይተሽ የለ? መጀመሪያ ይነጣል ከዛ ጫን ስትዪው ቀሽ ይላል፣ እንደዛ ነው የሚያደርገው። ንጣፉ ውስጥ ግን ከቀለጠው ፕላስቲክ ጋር የተደባለቀ አሸዋ ስላለ ጨረሩ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚበላው፣ ጥቁር የካርቦን ቀለም የገባበት ደግሞ የበለጠ ይችላል፣ ስለዚህ ባያምርሽም ጥቁሩን ውሰጂ።

ዋናው ነገር ግን ማን እንዴት አቀለጠው ነው። ከመግዛትሽ በፊት አንዱን በመዶሻ ስበሪና ስብራቱን እዪው። እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ካለው አሸዋው ሳይደርቅ ነው የገባው፣ እርጥበቱ ተንኖ ነው ያን ያወጣው። ነጫጭ ቁርጥራጭ ከታየሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ገብቶበታል፣ እሱ 250 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ፌስታሉ ደግሞ ከ110 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ስለሚቀልጥ አይያያዙም፣ በዛ በኩል ይሰነጠቃል። ለጠርሙሱ ብለው እሳቱን ቢያበዙት ደግሞ ፌስታሉ ያርርና ንጣፉ ቀሽም ይሆናል። ጢሱ ግቢውን የሸፈነበት ቦታ ከሆነ የተሰራው እኔ አልገዛም፣ ለሰራተኞቹም ጤና አይሆንም።

ሲነጠፍ በየመሃሉ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተውለት፣ ፀሐይ ሲመታው ከሲሚንቶ ንጣፍ የበለጠ ስለሚለጠጥ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ያነሳዋል። ፊቱም ሻካራ ይሁን፣ በነሐሴ የድንጋይ ሽበት ካወጣ ለእናት ለአባት ያንሸራትታል።

ከስሩ ያለውን አፈር ደግሞ አደራ! የወንድሜ ግቢ የተነሳው በንጣፉ ጥፋት መስሎን ስንት ተጨቃጨቅን፣ ሲቆፈር ለካ ዋልካ ነው፣ በክረምት ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል፣ እንኳን ፕላስቲክ ኮንክሪትም ያነሳል። ዋልካው ተዝቆ ወጥቶ ገረጋንቲ ይሞላና በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ብሩን እዛ ላይ አውጪው።

ሰርቪሱን ግን ተይው። ይሄ ነገር ሸክም ሲቆይበት ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ዛሬ ጫን ብለሽ አልተሰበረም ማለት ከዓመት በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት አይደለም። ካላመንሽ አንዱን ረዘም ያለ ጡብ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመሽ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጫኚበትና ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተዪው፣ ከዛ ክር ወጥረሽ ለኪው። ማድቤት ደግሞ ጭራሽ! የምጣድ እሳት አጠገብ የፕላስቲክ ግድግዳ? ቡና ስታፈዪ ፍም ጠብ ቢል እንኳ ንጣፉን አቅልጦ ጠባሳ ይተዋል። ለማድቤቱ ብሎኬት፣ ካልሆነም ያው የጤፍ ጭድ ጭቃ ይሻልሻል፣ እሱም እኮ ከአውድማ የተረፈ ነው ግን ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ ጣሪያው ክፈፉን ካስረዘምሽለት ብዙ ዓመት ይቆማል።

ጥያቄ፦ ከቡሬ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ ፌሮ አቃንቼ ለኮለን ብጠቀምስ?

መልስ፦ ወንድሜ ቁርጥራጭ ብረት ፋብሪካ ገብቶ እንደገና ቀልጦ ቢሆን ችግር የለበትም፣ ከሱቅ የምትገዛው አዲስ ፌሮም ከዛ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ የተቃና ግን የታጠፈበት ቦታ ላይ ደክሟል፣ በዓይን አይታይም። ለኮለን አይሆንም፣ ለአጥር በር አድርገው።